የአንጁሎ ቀይ ቁንዳላ

በሃምሳዎቹ ዓመታት ሶዶ ገበያ ላይ እንደ አንጁሎ በፀጉሩ የሚኮራ ወንድ አልነበረም። ትከሻው ላይ የወረደውን ቁንዳላ አንድ በአንድ በቅቤ እያሸ ይገምዳል፤ ከአብዱሰመድ ሱቅ በገዛው ሂና ያቀላዋል፤ ማታ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎት ይተኛል። እናቱ «ማሳህን እንዲህ ብትንከባከበው ጎተራችን ሞልቶ በፈሰሰ!» ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ሂናው ግን ዝናብ ሲነካው እየለቀቀ አንገቱን የታረደ በግ አስመሰለው። ስለዚህ አንጁሎ ቀለሙ ይይዝልኛል ብሎ ከብት የሚልሰውን ጨዋማ አፈር፣ ቦሌን፣ ፀጉሩ ላይ ለወሰበት። በማግስቱ ቆነጃጅት ይከተሉኛል ብሎ ደረቱን ነፍቶ ገበያ ወጣ።

የተከተለችው አንዲት ላም ናት። እዚያው ሕዝብ መሐል ጭንቅላቱን እንደ ጥጃዋ ትልሰው ጀመር።

«ኧረ የሰው ያለህ!» ብሎ ጮኸ።

የላሟ ባለቤት አስካለች ሮጣ ደረሰችና በሳቅ ፈነዳች። «እንግዲህ ላሜ ስትጠፋ የት እንደምፈልጋት አወቅሁ!» አለችው።

አንጁሎ ቦሌውን አልተወም። የአስካለችም ላም በየገበያው ቀን ትጠፋ ጀመር። ገመዷ ግን አንድም ቀን ተበጥሶ አልተገኘም፤ ሁልጊዜ ተፈትቶ ነው።