የእናቴ ራስጌ እሬት

በረሃቡ ዘመን እናቴ መካነ ሰላም ከተማ ዳር ከነበረው መጠለያ ውስጥ ሞተች። እዚያው አጠገቡ ቀበርናት። ድንጋይ የምሸከምበት ጉልበት ስላልነበረኝ ከቆላው ገደል እሬት ነቅዬ በራስጌዋ ተከልኩ። እሬት ውሃ የሚያጠጣው ባይኖርም አይደርቅም፤ ለዚህ ነው በእኛ አገር መቃብር ላይ የሚተከለው።

አብዮቱ መጣ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር መቃብሩ ለጋራ እርሻ ይታረስ አለ። ለመንኩት።

«የሞተ ቀለብ አይሻም፤ መሬቱ ለቋሚ ነው» አለኝ።

በሚታረስበት ጧት ቀድሜ ሄድኩ። ኮት የለበሱ አንድ ሽማግሌ በእናቴ መቃብር ላይ ተንበርክከው እንባቸውን ይጠርጋሉ። የማላውቃቸው ዘመድ መሰሉኝ።

«እግዜር ያጥናዎት» አልኳቸው።

«ማን ሞተብኝና?»

«እናቴን አያውቋትም?»

«እናትህን አላውቅም። እሬቱን ነው የማውቀው» አሉና ቅጠሉን ዳበሱት።

ያበዱ መሰለኝ። አጠገባቸው ቆምኩ።

ሊቀ መንበሩ በሬዎቹን እየነዳ ደረሰ። ሽማግሌው ብድግ አሉ።

«ወዲያ መልስ! መንግሥት ከአዲስ አበባ የላከኝ የዕፅዋት አጥኚ ነኝ። ይህ የእሬት ዓይነት ከዓለም ሊጠፋ ነው። ገደሉ ላይ የነበረውን በድርቁ ጊዜ ፍየል ግጦ ጨርሶታል፤ ያገኘሁት እዚህ ብቻ ነው። የነካው ሰው በመንግሥት ይጠየቃል!»

«ለእሬት?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ለእሬት!»

ይስቃል ብዬ ጠበቅሁ። በሬዎቹን ፈታ። ከሰዓት በኋላ እሾህ ተሸክሞ መጣና የእናቴን መቃብር ዙሪያውን በገዛ እጁ አጠረው።