የሹሙ ጉልበት

ጅል ተብዬ ከትምህርት ተባረርሁ። ያባረረኝ ቱርጁማን፣ የእንግሊዝ ሹም አስተርጓሚ ነው፤ ሰበቡም አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ናት። ይኸን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

ጣሊያን መተማን ለቆ የወጣበት 1933 ዓ.ም. ነው። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ጦርነቱ የደረሰብን የታጨደው ሰሊጥ ነዶ ነዶ ሆኖ ማሳ ላይ እንደ ቆመ ነበርና፣ ከሸሸንበት ስንመለስ አገሩ ሁሉ የተቃጠለ ሰሊጥ ይሸት ነበር። ዛሬም ሰሊጥ ሲቆላ ከሸተተኝ ያ ዘመን ከነአቧራው ይመጣብኛል። የእንግሊዝ ጦር ካሚዮኑን አግተልትሎ ከሱዳን ገባ። ካሚዮንስ በጣሊያን ጊዜ ለምደነዋል፤ እኛን ልጆቹን ያስደነቀን የእንግሊዞቹ ሹም ነበር። ወታደር ሁሉ የሚንቀጠቀጥለት ያን የሚያህል ሰው በቁምጣ ይሄዳል!

አንድ ቀን ሹሙ ልጆች ይማሩ ብሎ አዘዘ ተባለ። ካሣ የሚባል፣ ሱዳን ገዳሪፍ ያደገ ቱርጁማን ነበረው፤ እሱ ግንዱ ከጎጆ ከሚሰፋ ዛፍ ሥር መዝገብ ይዞ ተቀመጠ። አባቴ በሽሽቱ ሞቷል። የእናቴ ተስፋ እኔ ፊደል ቆጥሬ ሰው መሆኔ ብቻ ነበር። ፊቴን በውሃ አሽታ፣ «ትልቅ ሰው ስታይ ጎንበስ ብለህ ጉልበት ሳም፤ አሳዳጊ የበደለው እንዳታስብለኝ» ብላ ላከችኝ።

ተሰልፈን ሳለን ሹሙ መጣ። ከፊቴ የነበረው የባለሱቁ ልጅ ዓሊ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጠ። እኔ የእናቴን ቃል አከበርሁ፤ ተንደርድሬ ሄጄ ጉልበቱን ሳምሁ። እኛ ዘንድ ጉልበት የሚሳመው በልብስ ላይ ነው። ይህ ግን ራቁቱን ነው፤ ቀይ፣ ጸጉራም፣ በላብ የራሰ። ጨው ጨው አለኝ። ሰውየው ጊንጥ እንደ ነደፈው ዘለለና ሳቀ። «ሲሊ» አለ፤ ራሴንም ዳበሰኝ።

«ምን አለ?» አለ ሰዉ።

«ጅል ነው አለ» አለ ካሣ።

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ዓሊ ደግሞ «ጨው በዝቶበታል ወይስ ልክ ነው?» እያለ ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። ተራዬ ሲደርስ ካሣ ቀና ብሎም አላየኝ። «ሂድ ወዲያ፤ ጅል ፊደል አይገባውም። ቀጥል!» እናቴ ሄዳ ብትለምነው፣ «እሜቴ፣ ሹሙ የተናገረውን እኔ ልሻረው?» አላት። ሹሙ እኮ ገና ከዛፉ ጥላ ሳይወጣ ረስቶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሜ ጅሉ ሆነ፤ በሠርግ ጅሉ፣ በለቅሶ ጅሉ።

ፊደል የቆጠርሁት ከሸበትሁ በኋላ፣ እዚሁ መተማ ውስጥ ሸሕዲ ከተማ ለጎልማሶች ትምህርት ሲከፈት ነው። አስተማሪያችን ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበረው። አንብቤ መጻፍ ስችል፣ «ሲሊ የሚለውን ፈልግልኝ» አልሁት። እሱ ሲተረጉም እኔ ደብተሬ ላይ ጻፍሁ። ቃሉ በጥንት ዘመን «የተባረከ» ማለት ነበር። ኋላ «የዋህ» ማለት ሆነ። የዋህ ይጠቃልና «ምስኪን» ሆነ፤ ምስኪን አቅም የለውምና «ደካማ»፤ መጨረሻ ላይ «ጅል» ሆኖ ቀረ። «ለልጅ ሲሆን ግን በፍቅርም ይባላል» አለኝ አስተማሪው።

ለካ ቃልም እንደ ሰው ይወርዳል! ማንም ሳያየው፣ በስንት መቶ ዓመት፣ ከተባረከ ተነሥቶ ጅል ድረስ። እኔን ያገኘኝ መተማ ላይ፣ ወርዶ ወርዶ ካለቀ በኋላ ነው። እንዲያም ሆኖ ሹሙ ራሴን ሲዳብስ ቃሉ የቀረውን ርኅራኄ ይዞ ነበር። ካሣ እሱን ሳይተረጉም ዋጠው።

ዛሬ የሸሕዲ ልጅ ደብተሩን ይዞ እየሮጠ ትምህርት ቤት ይገባል፤ የማንንም ጉልበት አይስምም፤ ቱርጁማንም አይመርጠውም። ደስ ይለኛል፤ አንጀቴም ያርራል።

ደብተሬን ይዤ ዓሊ ዘንድ ሄድሁ። ያኔ ፊደል ቢጀምርም አባቱ ሱቅ አስገብተውት ረስቶታል። «ና ጅሉ፣ ተቀመጥ» አለኝ እንደ ልማዱ። ቆሜ ከተባረከ እስከ ጅል አነበብሁለት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ከመቀመጫው ተነሣ።

«እንግዲህ ማን ልበልህ?»

«እናቴ ያወጣችልኝ ስም አለ።»

«ሞላ» አለኝ። ታኅሣሥ 19 ቀን 1973 ዓ.ም.።