ስሜን ጠይቂልኝ

የቁስቋሟ ፈታይ ትርንጎ ማሩን ወደደችና ጉድ ፈላ። ማሩ ማለት ያ አዝማሪው ነው፤ ጣሊያን ጎንደርን በያዘ በሦስተኛው ዓመት በሹማምንቱ መጠጥ ቤት የሚዘፍነው። መዝፈን ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! የባንዳውን አለቃ አረማመድ፣ የኮሎኔሉን ቁጣ፣ የቄሱን ሳል ሳይቀር እያስመሰለ ይጫወታል፤ ነጮቹ እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። በማግስቱ ደግሞ ያው ሰውዬ ለቅሶ ቤት ገብቶ ስለ አገር አንጀት የሚበላ ግጥም ያወርዳል። ታዲያ ይህን ሰው ምን ይሉታል? ገበያው ሁሉ ገማች ሆነ። ባንዳ ነው ያለ አለ፤ የአርበኞች ሰላይ ነው ያለ አለ፤ ሆዱ አምላኩ ነው ያለም አልጠፋ።

ትርንጎን ግን ጭንቅ ያዛት፤ ላግባሽ ብሏታላ! ወንድሟ ዱር ገብቶ በጣሊያን ጥይት ወድቋል። የባንዳ ሚስት ከምትባል ሞቷን ትመርጣለች። አንድ እሑድ በጎረቤት ሰርግ ላይ፣ ማንነትህን ንገረኝ ብላ ያዘችው። ከድግሱ ባንዳዎችም ነበሩና ጆሮ ሁሉ ቆመ። ማሩ ማሲንቆውን አነሳ፦

«ማን እንደሆንኩማ ሰው ምን ይነግርሻል፣
ስሜን ጠይቂልኝ፣ እሱ ያስረዳሻል።»

በማግስቱ ከከተማው ጠፋ።

ስሜን ጠይቂ ካለማ ብላ፣ ግጥሙን፣ የሱን ስምና የእናቱን የወለላን ስም ይዛ ኮከብ ቆጣሪው መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ዘንድ ሄደች። እሳቸውም ፊደሉን ቆጠሩ፣ ደመሩ፣ በአሥራ ሁለት ገደፉ። ኮከቡ ነፋስ ሆነ። ነፋስ አይጨበጥም ልጄ፣ ተይው አሏት። ተወችው። መተው ከተባለ እንግዲህ! ማሲንቆ በሰማች ቁጥር ክሯ ከእንዝርቷ ላይ ይበጠስ ነበር። ናፍቆት እንደ ጉድ ተጫወተባት።

ዓመት አለፈ። ቅዳሜ ገበያ ጥጥ ስትመርጥ፣ ከአዲ አርቃይ የመጡት ጥጥ ነጋዴ አያ አበቡ ስሟን ሲሰሙ ቀና አሉ። የቁስቋሟ ትርንጎ መሆኗን አረጋገጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ሰሜን ተራራ ካሉት አርበኞች መሃል ማሩ የሚባል አዝማሪ እንዳለ፣ ትመጣለች እያለ ክረምቱን ሙሉ መንገድ ሲያይ እንደከረመ ነገሯት።

«ምነው ልጄ? ‘ሰሜን ጠይቂልኝ ብያት ነበር’ ይላል። እሷም ባንዳ ብላኝ ነው የቀረች ብሎ ማሲንቆውን ከሰቀለ ሰነበተ።»

ጥጡ ከእጇ ወደቀ። ሰሜን! እሷ የሰማችው ስሜን። የቅኔ አገር ሰው ሆና፣ ሰሙን ይዛ ወርቁን ጥላው ኖሯል፤ መሪጌታ ሳይቀሩ! እሱ እዚያ፣ እሷ እዚህ፣ አንድ ዓመት ሙሉ ሲነዱ ከረሙ።

ጥጡን አልገዛችም። መቀነቷን አጠበቀች።

«አያ አበቡ፣» አለች፣ «ሰሜን ከዚህ ስንት ቀን ያስኬዳል?»