በር ላይ የተጋደመች ወንበር

ሊወስዱኝ ሲመጡ ለአንዲት ደንበኛዬ ዚፕ እየመረጥኩላት ነበር። ሁለት ፖሊስና አንድ ሲቪል የለበሰ። ጥፋቴን ጠየቅኩ።

«ቀበሌ ስብሰባ ላይ የተናገርከውን ታውቀዋለህ» አለኝ ሲቪሉ።

አውቀዋለሁ። «ምትክ ሱቅ ሳታሳዩን አታፍርሱብን» ነው ያልኩት። ይኼ ሕዝብ ማነሳሳት ተባለ። ጉድ እኮ ነው!

ከመሄዴ በፊት ወንበሬን በሩ ላይ አጋደምኳት። ከልደታ ማርያም ወደ ጌጃ ሰፈር በሚወስደው መንገዳችን፣ ባለሱቅ ለስግደትም ሆነ ለቤተ ክርስቲያን ወጣ ሲል ወንበር አጋድሞ ነው የሚሄደው። እመለሳለሁ ማለት ነው። ማንም አያልፋትም፤ ጎረቤትም ያያል። ሲቪሉ ሳቀብኝ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ጣቢያ ያስገቡኝ ክፍል ሽንትና እርጥብ ሲሚንቶ ትሸታለች። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሐጂ ቀድመውኝ ገብተዋል፤ ስብሰባው ላይ ስላጨበጨቡልኝ ነው። ሽማግሌ ወሎዬ ናቸው።

«መጣህ?» አሉኝ፣ ሱቃቸው የገባሁ ይመስል።

ቀኑ አልገፋ ሲለን መንገዳችንን ከላይ እስከ ታች በአፋችን እንሄደው ነበር። መጀመሪያ ወፍጮ ቤት፣ ላምባ ሻጭ፣ ፍራሽ ሰፊ። ከዚያ ካሴት ቤት መጣና መንገዱ ቀኑን ሙሉ በዘፈን ይጮህ ጀመር። ካሴት ቤቱ ቪዲዮ ቤት ሆነ፣ ቪዲዮ ቤቱ ደግሞ ሞባይል መሸጫ። ቡቲኩ ሲበዛ ለሐጂ ሱሪ ማሳጠር ብቻ ቀረላቸው። «ደግነቱ ቻይና እግራችንን አልለካውም» ይሉና ይስቃሉ። ያ ሁሉ ለውጥ አላናደደንም። ገበያ ነው፣ ይለወጣል፤ ሲለወጥ ግን እኛም ውስጡ ነበርን።

አንድ ቀን ባለቤቴ ምሳ ይዛ መጣች።

«አፈረሱት» አለችኝ።

«የሐጂንም?»

«ጠቅላላውን። ዶዘር የሚነዳው ሰውዬ እኛ ጋ ሲደርስ አቁሞ ወረደ። ወንበሯን በሁለት እጁ አንስቶ ዳር አስቀመጠልኝ። ከዚያ ተመልሶ ወጣና ሱቁን ናደው።»

ደሜ ፈላ። ባያውቅ ይሻለኝ ነበር። ያውቃል! ወንበሯን አክብሮ ሱቁን ደረመሰው።

በማግስቱ መርማሪው ሐጂን አስጠራ። ለሁለታችንም የተባልነው አንድ ነው፦ ሕዝብ ፊት ቆመን «ተሳስተናል፣ በፈቃዳችን ነው የለቀቅነው» ካልን እንፈታለን፤ እምቢ ካልን እዚያው ነን። ሐጂ ስኳር አለባቸው፣ እግራቸውም አብጧል። «ይበሉና ይውጡ» ልላቸው ፈልጌ አፌ እምቢ አለኝ።

እንደወጡ አንድ አዲስ ገቢ ቦታቸው ላይ ሊተኛ መጣ። ጃኬቴን ጠቅልዬ ምንጣፋቸው ላይ አጋደምኩት።

«ባለቤት አለው» አልኩት።

«ቢፈቱስ?»

«ዞር በል አልኩህ!»

ሐጂ እያነከሱ ተመለሱ። ጃኬቱን አዩት፣ በቀስታ አነሱት፣ ተቀመጡ።

«ሱቄን ጠበቅክልኝ» አሉ።

«እርስዎ ምን አሏቸው?»

«ምትኩን አሳዩኝና እናገራለሁ አልኳቸው።»

ቀጥሎ እኔ ተጠራሁ። ያንኑ ደገምኩላቸው። ቆይተው ቆይተው፣ ምንም ሳንናገርላቸው ለቀቁን።

ዛሬ መንገዱ መስታወት በመስታወት ነው፣ ባንክ በባንክ። ሐጂ ከተፈቱ በኋላ ብዙም አልቆዩ፤ ምትኩን ሳያዩ ሞቱ። ይኼን ይቅር አልልም። እኔ አንዱ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቁም ሳጥን የምታክል ሱቅ ተከራይቼ ዚፕ እሸጣለሁ። ማርያም ለመሳለም ስወጣ ያቺኑ ወንበር በሩ ላይ አጋድማታለሁ።

«ጋሼ፣ ኮሪደሩን ትዘጋለች፣ ላንሳት?» ይለኛል ዘበኛው።

«አንሳት» እለዋለሁ። «ስታነሳት ግን ሱቁንም አብረህ ናደው። እኔ የማውቀው እንደዚያ ሲደረግ ነው።»

እስካሁን አላነሳትም።