የአባቴ መድኃኒትና የቀበሌው ላምባ

በደርግ ጊዜ ድሬዳዋ ላይ ነዳጅ ተራ ነበረው፤ መጀመሪያ ለጦሩ፣ ቀጥሎ ለፋብሪካው፣ የተረፈው ላምባ ደግሞ በቀበሌ በኩል ለእኛ። መብራትም ቢሆን ከዚራ የሚባለው ሰፈር ቦግ ብሎ ያድራል እንጂ፣ አሸዋማውን ወንዝ ተሻግሮ እኛ ካለንበት ጥግ አልደረሰም። ስለዚህ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጣው አባቴ የስኳር መድኃኒቱን የሚያኖረው ጎረቤታችን ሱቅ፣ በላምባ በሚሠራ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። የድሬን ሙቀት ለሚያውቅ ሰው፣ ኢንሱሊን ውጭ ማሳደር ምን ማለት እንደሆነ አልነግረውም።

ባለሱቁ ሶማሌ ሽማግሌ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ "አደር"፣ አጎቴ፣ ይላቸዋል። ጠዋት ጠዋት ብልቃጡን ከለስላሳ ጠርሙሶች መሃል አውጥተው ሲሰጡኝ፣ አባቴ እንዴት እንዳደረ ሳይጠይቁኝ ቀርተው አያውቁም።

እኔ የቀበሌው ጸሐፊ ነበርኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። አንድ እሁድ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ፣ ላምባ የጠፋው ስግብግብ ነጋዴ ስለሚደብቀው ነው አሉ፤ ከእንግዲህ ሱቅ ያለው ሰው የላምባ ካርድ አይሰጠውም። ላምባው የጠፋው ቦቴው ስላልመጣ መሆኑን አዳራሹ በሙሉ ያውቃል። "የሚቃወም?" ሲሉ አንድም እጅ አልወጣም። "የሚደግፍ?" ሲሉ እጄን አወጣሁ። ፍሪጁን ረስቼው አይደለም። ፈርቼ ነው። ደግሞ ለጸሐፊ መላ አይጠፋም፣ በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ።

በሳምንቱ አደር ብልቃጦቹን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በራችን ላይ ቆሙ።

"ወላሂ ልጄ፣ ላምባ አለቀ። ፍሪጁም ጠፋ። ምን ላድርግ?"

አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሊቀመንበሩ ዘንድ ሮጥኩ። ለአደር ፍሪጅ ብቻ ትንሽ ላምባ እንዲፈቅዱ፣ የአባቴን ሕመም ነግሬ ለመንኳቸው።

"ጓድ፣ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ያለፈ ነው። ቃለ ጉባኤውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ" አሉኝ።

ብልቃጦቹን እንስራ ውስጥ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ቀበርኳቸው። በቀን ሦስቴ ውሃ አርከፈክፋለሁ። የግንቦት ወበቅ ግን ለእንስራ የሚመለስ አልነበረም፤ ብዙም ሳይቆይ መድኃኒቱ ጓጎለ። ክሊኒኩ ሌላ የለኝም አለ። አባቴ "ውጊኝ" ይላል፣ የተበላሸውን እወጋዋለሁ። የውሃ ጥሙ ተመለሰበት፣ ከሳ፣ እግሩ ቆስሎ አልድን አለ።

የስብሰባውን ነገር ሰምቷል፤ እነማን እጃቸውን እንዳወጡ ግን የነገረው የለም። አደርም ያውቃሉ፣ ግን አልነገሩትም። ጠዋት ክንዱን እየሰጠኝ፣ "እነዚያ እጅ ያወጡት ሰዎች፣ እጃቸውን ይቁረጠው" ይላል።

እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ሲራገም፣ እኔ መርፌውን እየነቀልኩ "አሜን፣ አባዬ" እለው ነበር።