የአጎቴ ጓዳ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አጎቴ ከሌባም ከአይጥም አብልጠው የሚጠረጥሩት ብርሃንን ነበር። ድንቻቸውን ከጨለማው ጓዳ፣ ቆጥ ላይ በተነጠፈ ጭድ ያኖሩታል። ኩራዝ ማስገባት ክልክል ስለነበር የበሰበሰውን የምንለየው በዳሰሳና በማሽተት ነው። በሩ ሲጢጥ ካለ ከደጅ ሆነው ይጮኻሉ።

«ማነሽ? ዝጊው! ብርሃን ካገኘው ይመርራል!»

«እኔ ነኝ አጎቴ፣ ልጅዎ፤ ለወጥ ላወጣ ነው።»

«አንቺንማ ነው የምጠረጥረው!»

ብዘጋውም አያምኑኝም፤ መጥተው ራሳቸው ገፋ ያደርጉታል።

የሞቱ ጊዜ ከደሃና ድረስ ለቀስተኛ መጣ፤ ጠላው ከጓዳ ሲወጣ፣ እንስራው ሲመለስ፣ በሩ ሳይዘጋ ሰነበተ። ሰዉ ከተበተነ በኋላ ዛሬ ብገባ፣ ድንቹ አረንጓዴ ሆኗል። ደንግጬ በሩን ዘጋሁትና ጨለማው ውስጥ ቆሜ መጥተው ገፋ እስኪያደርጉት ጠበቅሁ።

የሚጠረጥረኝ ሰው የለም።