በረኛችንን ሁለት ክለቦች የፈለጓት ሰሞን

የደብረ ብርሃን ሴቶች ቡድን የበረኞች አሰልጣኝ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሜዳው ውርጭ ለብሶ ኳሱ ጠጥሮ ነበር። ከሦስቱ በረኞች ሁለቱ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተዋል። ሦስተኛዋ፣ የአንኮበሯ ስንዱ፣ ጓንቷን አጥብቃ፣ "ኮች፣ ጠንከር አድርገሽ ምቺው" አለችኝ። መታሁት። ያዘችው።

ሦስት ዓመት አብረን ሠራን። ተሻጋሪ ኳስ ላይ ጎበዝ ናት፤ መሬት ለመሬት የሚመጣውን ግን ትዘገይበታለች። እሱን ለማስተካከል አንድ ክረምት ሙሉ ጭቃ ላይ ወደቀች።

በሦስተኛው ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ ሁለት ፍጹም ቅጣት ምት አዳነች። ሊያዩዋት የመጡ ሁለት አሰልጣኞች ከሜዳ ሳንወጣ ስልክ ቁጥሬን ተቀበሉ። አንዱ የአዲስ አበባ ፕሪሚየር ሊግ ክለብ አሰልጣኝ ነው፤ ሌላው በታችኛው ሊግ የሚጫወት ትንሽ ቡድን አሰልጣኝ።

በደስታ መቀመጥ አቃተኝ። ካሠለጠንኳቸው ፕሪሚየር ሊግ የምትገባ የመጀመሪያዋ ልትሆን ነው።

አባቷ መሪጌታ ናቸው። እምቢ ይሉኛል ብዬ እስከ አንኮበር ንግግሬን ስለማመድ ሄድኩ። ረጋ ብለው ሰሙኝና፣ "ትልቁ ክለብ ስንት በረኛ አለው?" አሉኝ።

"ሁለት። ሁለቱም የብሔራዊ ቡድን ናቸው።"

"ታዲያ ልጄ ምን ትሠራለች?"

"እያየች ትማራለች።"

"እኔ ዜማ ሳስተምር ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሳሳታሉ፣ አርማቸዋለሁ። ዝም ብሎ ሰምቶ የወጣልኝ የለም።"

አጠገባችን ተቀምጣ ስትሰማ የነበረችው ስንዱ እዚያው ፊታችን ለአዲስ አበባው አሰልጣኝ ደወለች።

"በዓመት ስንት ጨዋታ እሰለፋለሁ?"

"እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁለት ዓመት መጠበቅ አለብሽ።"

አመስግና ዘጋች። "ኮች፣ ታችኛው ሊግ እሄዳለሁ። አትዘኚብኝ" አለችኝ። አዝኜ ነበር፤ አልነገርኳትም።

የመጀመሪያ ጨዋታዋን እንደጨረሰች ደወለች። "አራት ገባብኝ" አለች፣ ድምጿ ግን ይስቃል። "አምስተኛውን ብታዪው! በጣቴ ጫፍ ነው ያወጣሁት።"

በሁለተኛው ዓመት ቡድኗ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። ያንን ትልቅ ክለብ የገጠሙ ዕለት ከመሪጌታ ጋር ሆኜ አየሁ። መሬት ለመሬት የመጣ ኳስ ላይ ተወርውራ ስታወጣው ከመቀመጫዬ ተነስቼ ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። መሪጌታ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ "ገባ ወይስ አልገባም?" አሉኝ። ያለ ግብ ተለያዩ።

አሁን ክለብ ለበረኛዬ ሲደውል ከስሙ በፊት የምጠይቀው ስንት ጨዋታ እንደሚያሰልፋት ነው።